ትልቁ ደንበኛችን ገብረመስቀል

ሻርጃ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለኑሃ ሐቢብ
መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺ፣ ወንድሜ ሐቢብ፣ እናትሽ ሁሪያና ትንሿ ዓፊፋ እንዴት ከርማችኋል? አላህ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው፤ ደጃችሁንም ከክፉ ዓይን ይከልክለው። እኔ ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እኔ ከዚህ ፔርሙስና ሳፋ በኮንቴነር እልካለሁ፤ አባትሽ እዚያ ለቸርቻሪው ያከፋፍላል። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንሠራ «ማን ነው የሚገዛን? የትኛው ዕቃ ነው የሚሄደው?» ብዬ በጠየቅኩት ቁጥር መልሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ይሄዳል» ነው። ምስጋናው መልካም ነው። ነገር ግን ስንት ቀይ ስንት ሰማያዊ ፔርሙስ እንደምጭን በእሱ ላውቅ አልቻልኩም።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ የሪፖርት ሶፍትዌር አስገብቷል። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ ሰርተፊኬቱንም በመስታወት አሠርቼ ሰቅዬዋለሁ። ይህ ሶፍትዌር ሽያጩን ከመገብሽው ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ይመድባል፣ ማን አንደኛ ማን መጨረሻ እንደሆነ በሥዕል ያወጣል። ሥዕሉ ዳሽቦርድ ይባላል። አንቺ በትምህርትሽ ጎበዝ ነሽ ስለሚሉኝ ሥራውን ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ላፕቶፑን የያዘችልሽ ዘሃራ ናት፤ ለንግድ ስትመላለስ ደብዳቤያችንንም ፍላሹንም እሷ ታደርሳለች።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዓመቱን ደረሰኝ እያየሽ ትሞዪዋለሽ። የደንበኛው ስም ሁለት ሳጥን አለው፦ በመጀመሪያው የራሱ፣ በሁለተኛው የአባቱ። የቀረውን እኔ ከዚህ አዘጋጅቼዋለሁና እንዳትነኪው። ሪፖርቱ ሰውን የሚያወጣው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ የሠለጠነው ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው። እኔንም እዚህ ኢክሪማ ብሎ የሚጠራኝ የለም፣ ሚስተር ሰዒድ ነኝ።

የአባትሽ የአክስት ልጅ፣
ኢክሪማ ሰዒድ


መቐለ፣ ኅዳር 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ኢክሪማ፣ ለሠለጠነው ዓለም ደግሞ ለሚስተር ሰዒድ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሙቀቱን ያብርድልዎ፣ ሰርተፊኬትዎንም ከአቧራ ይጠብቅልዎ። አባቴ ደህና ነው፣ እናቴ ደህና ናት፣ ዓፊፋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ደህና ናት። ላፕቶፑም ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ጠራሁት እንጂ በቤታችን ክብሩ ከሁላችንም በላይ ነው። እናቴ ጥልፍ አልብሳዋለች፤ አባቴ በአጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ አብዱልጀሊል «ይሄ ነገር እኛንም ያያል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «በዚህች ቀዳዳ በኩል አያ ኢክሪማ ያዩዎታል» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቃችን የሚመጡት ጺማቸውን አበጥረው ነው።

ሥራው ቀላል ነው ያሉት ለማን እንደሆነ አላወቅኩም። ሠራተኛችን በድሩ ደረሰኙን ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሁለታችንም የምናደርገው ግራ ይገባናል። ሶፍትዌሩ ቀይ ኮከብ ያለበትን ሳጥን ካልሞላሁለት አላሳልፍም ይላል። የደንበኛውን ኢሜይል ይጠይቃል፣ የፖስታ ኮድ ይጠይቃል፣ ፋክስ ይጠይቃል። ኣደይ ኣስካልን ያውቋቸው ይሆናል፤ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ መውጫ መንገድ ዳር ፔርሙስና ሳፋ የሚቸረችሩት ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ። ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ። «ኣደይ፣ ኢሜይል አለዎት?» ብላቸው አሰብ አድርገው «ያለፈው ጊዜ አልወሰድኩም፤ ቀይ ካለው ግን ሁለት ጨምሪልኝ» አሉኝ። በሁሉም ደንበኛ ኢሜይል ላይ የእርስዎን ጽፌያለሁ። ደብዳቤ ከበዛብዎት ምክንያቱ ይሄ ነው።

ሞልተን ስንጨርስ ሪፖርት የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኳት። ሥዕሉ ወጣ! ሌላው ሁሉ አጭር አጭር ሆኖ አንዱ ዓምድ ብቻውን እንደ ሐወልቲ ተገትሯል። ከሥሩ «ገብረመስቀል» ይላል።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ገብረመስቀል ማነው?»

«አንደኛው ደንበኛህ ነዋ፣ አባ።»

«እኔ አላውቀውም።»

«ሶፍትዌሩ ያውቀዋል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሐጎስ።»

«የትኛው ሐጎስ?»

«አይልም። ሦስተኛው መሐመድ ነው።»

«መሐመድማ ሁላችንም ነን!» አለና ተናዶ ሊሰግድ ሄደ።

አባቴ ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በሰፈርና በመልክ ነው። ኣስካል የሰሜኗ፣ ኣንዶም ቀጭኑ፣ ተወልደብርሃን ባለ ጋሪው ይላል። በእሱ ዝርዝር ገብረመስቀል የሚባል የለም። በድሩንም ጠየቅነው፤ «አንብቤዋለሁ መሰለኝ፤ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ፊቱ ግን አይመጣልኝም» አለ። ግራ ገብቶናል። ፍላሹን በዘሃራ ልኬያለሁ።

ታዛዥዎ
ኑሃ


ሻርጃ፣ ጥር 8 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለኑሃ

የአላህ ሰላም በአንቺና በቤተሰቡ ላይ ይሁን። ሥዕሉ ደረሰኝ። ለአለቃዬ ሳይቀር አሳየሁት፤ እሱም በጣቱ ያንን ረጅም ዓምድ ነክቶ «ሁ ኢዝ ዚስ ማን?» ይህ ሰው ማነው ብሎ ጠየቀኝ። ስሙን ብቻ አነበብኩለት። በዚህም አፈርኩ።

ኑሃ፣ ይህ ሰው ሀብት ነው። ሳናውቀው በእጃችን ይዘነው ኖረናል። አባትሽ የማያውቀው በመሆኑ አልገረመኝም፤ ለዚህ ነው ሶፍትዌር ያስፈለገው። አሁን የሚሠራውን ልንገርሽ። ሰውየውን ፈልጉት። ቤታችሁ ጋብዙት፤ አክብሩት። ዘንድሮ ፋብሪካው ቀንሶብን የምጭነው ፔርሙስ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያለችው በሪፖርቱ አናት ላይ ላሉት ትሰጣለች፣ ከሁሉም አስቀድሞ ለገብረመስቀል። ስማቸው በሪፖርቱ ላይ የሌለ ቸርቻሪዎች በዚህ ዙር እንደማይደርሳቸው ይነገራቸው። ስሜት ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ሪፖርት ዘመድ የለውም።

የሰውየውን ስልክ ቁጥር ለእኔ ለብቻዬ ላኪልኝ። ለአባትሽ መንገር አያስፈልግም።

እስኪ ደግሞ የዓምዶቹን ቀለም ወደ አረንጓዴ ለውጪው።

ኢክሪማ ሰዒድ


መቐለ፣ መጋቢት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ኢክሪማ

ሰላምታዬ ከነቤተሰቡ ይድረስዎ፤ ጤናዎንም ዕድሜዎንም አላህ ያርዝመው። የዘገየሁት ፈተና ስለነበረብኝ ነው። ደግሞም ገብረመስቀልን ስንፈልግ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ለአባቴ ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ «ለአባትሽ መንገር አያስፈልግም» የሚለውንም ጮክ ብዬ አነበብኩት። መዝለል እንደነበረብኝ የገባኝ ካነበብኩት በኋላ ነው።  የአባቴ ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ። ትንሽ ቆይቶ «ያለውን ሁሉ እንዳለው አድርጉ፤ አንድ ቃል እንዳትቀንሱ» አለ።

ስለዚህ እንዳሉት አደረግን። በድሩ ገበያውን ዞሮ «ገብረመስቀል የሚባል ሀብታም አለ?» እያለ ጠየቀ። ገብረመስቀል ሞልቷል፤ ሀብታም ነኝ የሚል ግን ጠፋ። በመጨረሻ ጋሽ አብዱልጀሊል «እኔ አውቃለሁ! ካፖርት የሰፋሁለት ገብረመስቀል አለ። በዚህ ጊዜ ካፖርት የሚያሰፋ ምን ዓይነት ሰው ይመስላችኋል?» አሉ። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ እዚሁ ከኛ ብዙም የማይርቁ ሽማግሌ። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ሄዶ ለምሳ ጠራቸው። ደስ ብሏቸው እሺ አሉ፤ ለምን እንደተጠሩም አልጠየቁም።

ጾም ስለያዘ እናቴ ሥጋ የሚባል ነገር ቤት እንዳይገባ ከልክላ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሠራች። ስድስት ሰዓት ላይ ቀረበ። ኣቦይ ገብረመስቀል ማዕዱን አይተው መረቁ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

«ይብሉ እንጂ፣ ኣቦይ» አለ አባቴ።

«ደሓን፣ ደሓን። ቅዳሴ ሳይወጣማ አልበላም።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

አባቴ እንግዳ ሳይበላ አልበላም አለ። ጋሽ አብዱልጀሊል አባቴ ሳይበላ አልበላም አሉ። በድሩ መብላት ፈልጎ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀውም። ሦስት ሽማግሌዎች (አባቴን ጨምሬያለሁ፣ ለእሱ አይንገሩት) ትኩስ ሽሮ እየቀዘቀዘ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ዋሉ። ዘጠኝ ሲሆን በሉ። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ ኣቦይ፣ ፔርሙሱ እንዴት ነው? ይሄዳል?»

«የቱ ፔርሙስ?»

«ከኛ የሚወስዱት።»

«እኔ? እኔ ሻይ አልጠጣም፤ ደም ብዛት አለብኝ።»

አባቴ ጋሽ አብዱልጀሊልን በዓይኑ ጠቀሳቸው። «ሳፋውስ?»

«ሳፋ ምን ያደርግልኛል? ልብሴን የምታጥብልኝ ልጄ ናት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ጋሽ አብዱልጀሊል ወደ አባቴ ጎንበስ አሉ። «አየኸው? ነጋዴ ነው። ይሄ ሰውዬ ከግብር ተደብቆ ሰው እየላከ ነው የሚገዛው። አንዲት ነገር አላወጣም እኮ!»

«በጣም ብልህ ነው» አለ አባቴ። ኣቦይ ገብረመስቀል ባስተባበሉ ቁጥር ሁለቱ ይበልጥ አከበሯቸው። ሲወጡ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ሰጧቸው። ኣቦይም «እናንተ የወሎ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናችሁ፤ ፋሲካንም ጥሩኝ» ብለው ሄዱ። ስልክ የላቸውም።

አሁን የማያስቀውን ልጻፍልዎ። ሰኞ ኣደይ ኣስካል መጡ። አባቴ በዚህ ዙር ዕቃ እንደማይደርሳቸው ነገራቸው።

«ሓወይ ሐቢብ፣ ወንድሜ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ሪፖርቱ ላይ የለሽም።»

«የት ላይ?»

አባቴ በእጁ ላፕቶፑን አሳያቸው። ኣደይ ኣስካል ጥልፉን አዩ፣ እኔን አዩኝ። እኔም ሥዕሉን ከፈትኩላቸው። እውነት ነው፣ ኣስካል የሚል የለም። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች አመላለስኩት። ደረሰኛቸውን በገዛ እጄ ሞልቻለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ሲገዙ በዓይኔ አያለሁ፤ ሶፍትዌሩ ግን አላውቃቸውም ይላል። ማንኛችን እንደተሳሳትን አላውቅም። ኣደይ ኣስካል መደብራቸው ባዶ ሊሆን ነው፤ ኮንቴነሩ ካለፋቸው መደብሩን ለባለቤቱ መልሰው ዓዲግራት እህታቸው ጋ እንደሚገቡ ነገሩን። አባቴ ቀና ብሎ አላያቸውም።

አያ ኢክሪማ፣ በእርስዎ ቤት በኩል ሶፍትዌሩን አንድ ጊዜ ቢጠይቁልን?

ዓምዶቹን አረንጓዴ አድርጌያቸዋለሁ።

ኑሃ


ሻርጃ፣ መጋቢት 27 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለኑሃ

ሰላም ለቤቱ ሁሉ። ሥራ ስለበዛብኝ ባጭሩ እጽፋለሁ።

ሶፍትዌር አይሳሳትም። የሚሳሳተው የሚሞላው ሰው ነው። ሴትዮዋ በሪፖርቱ ላይ ከሌለች ትንሽ ስለምትገዛ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በሥልጠናውም ላይ ተነግሮናል። አንቺ ልጅ ስለሆንሽ ልብሽ ይራራል፤ አልፈርድብሽም።

ገብረመስቀል ምን ያህል እንደሚፈልግ ለምን አልጠየቃችሁትም? አንድ ምሳ ሙሉ ስለ ጉልበት ነው የተወራው? ፎቶውን ላኪልኝ።

ወንድሜ ሐቢብ ሰላም እንዳላለኝ አስተውያለሁ።

ኢክሪማ ሰዒድ


መቐለ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ኢክሪማ

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ምርቃቱን ባሳጥረው ቅር አይበልዎ፤ ቸኩያለሁ፣ ዘሃራ ነገ ልትበር ነው። ገብረመስቀልን አገኘሁት! ሁሉንም ገብረመስቀል አገኘኋቸው!

እንዲህ ነው የሆነው። ለክፍል ኃላፊያችን ስጦታ እኔ አንድ ፔርሙስ ከሱቃችን ወስጄ፣ ሥርዓት ነው ብዬ በደንበኛ ስም ራሴን አስገባሁ። የወሩን ሪፖርት ለአባቴ ሳሳየው ከታች በኩል ጣቱን አቆመ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ሐቢብ። አንድ ፔርሙስ።»

«የቱ ሐቢብ?»

«እንጃ… አንተ ትመስለኛለህ።»

«እኔ? እኔ ከራሴ ሱቅ ፔርሙስ ገዛሁ?»

በድሩ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ምናልባት ረስተውት ይሆናል» አለ። አባቴ ለመናደድ ከበድሩና ከላፕቶፑ ማንን እንደሚያስቀድም ግራ ገብቶት ሁለቱን ሲያፈራርቅ እኔ ፔርሙሴን አስታወስኩ። የገዛሁት እኔ ነኝ። ኑሃ የት ሄደች? የለችም። ሶፍትዌሩ እኔን ሰርዞ አባቴን ገበያ አወጣው!

ከዚያ የገብረመስቀልን ዓምድ ከፋፍዬ አየሁት። ያንን አትንኪ ያሉኝን ነው የነካሁት፤ ይቅርታ። ውስጡ ኣስካል ገብረመስቀል አሉ። ኣንዶም ገብረመስቀል አለ፣ ቀጭኑ። ተወልደብርሃን ገብረመስቀል አለ፣ ባለ ጋሪው። ሳሊና ገብረመስቀል አለች፣ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳፋ የምትሸጠው። አንዳቸው ለአንዳቸው ዘመድ አይደሉም። አባቶቻቸው ብቻ አንድ ስም አላቸው። እርስዎ በመጨረሻ ስም ይሰብሰብ ብለው ስላዘጋጁት ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከቷቸዋል። የሠለጠነው ዓለም የመጨረሻ ስሙ የቤተሰቡ ነው፤ የኛ የመጨረሻ ስም ግን የአባታችን የራሱ ስም ነው። እኔም የሞላሁት ሰው ነኝና እስከዛሬ አለማየቴ ያሳፍራል።

ከሁሉም የሚገርመውን ያውቃሉ? በየራሳቸው ስም ለይቼ ስመለከት አንደኛዋ ኣደይ ኣስካል ናቸው። ትልቁ ደንበኛችን እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን ከልክለን ለአባታቸው ልንሰጥ ነው። አባታቸው ደግሞ ከሞቱ ቆይተዋል።

ለአባቴ ሳስረዳው ስሞቹን በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ «ታዲያ ምሳ የበላው ማነው?» አለ።

ስልክ ደውዬልዎ ነበር፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ዘጉት። አባቴ እንዲደውል ስለምነው «ስህተቱ የሱ መሆኑን እኔ በስልክ ልንገረው? ይቀየመኛል። እሱ ራሱ አንብቦ ይድረስበት» አለ። የተስተካከለው ሪፖርት ፍላሹ ላይ አለ። እባክዎን ጭነቱ ሳይወጣ ይክፈቱት። ኣደይ ኣስካል መደብሩን እስከ ግንቦት መጨረሻ ብቻ ነው የሚያቆዩት።

ኑሃ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሐቢብና ለልጃችን ለኑሃ

ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። ዘሃራ ስላልመጣች ይህን በሌላ ሰው ልኬዋለሁ። ከእናንተም እስካሁን መልስ አላየሁም።

ዕቃው ወጥቷል፤ ጅቡቲ ደርሶ ይሆናል። ፔርሙሶቹን በሙሉ ለገብረመስቀል አድርጌያቸዋለሁ። ስህተት እንዳይፈጠር በየካርቶኑ ላይ በትልቁ ስሙን አስጽፌያለሁ። ከገብረመስቀል በቀር ለማንም እንዳይሰጥ። ሲረከብ መታወቂያውን አይታችሁ፣ ስሙን አመሳክራችሁ፣ አስፈርማችሁ ስጡት። ሐቢብ፣ አንተ ልበ ለስላሳ ስለሆንክ ነው ይህን ሁሉ የምለው። በመታወቂያው ላይ ገብረመስቀል የሚል ከሌለ አንዲት ፔርሙስ እንዳትወጣ። አደራ ብያለሁ።

ኢክሪማ ሰዒድ


መቐለ፣ ሰኔ 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ኢክሪማ

ሰላመ አላህ በእርስዎ ላይ ይሁን፤ ሥራዎን ያቅናልዎ፣ ከሰው ፊትም አያሳፍርዎ። የኔ የሚያዝያ ደብዳቤ ደርሶዎት እንደሆነ አላውቅም። ዘሃራ በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ ትላለች። ባለፈው ሲደውሉ ግን አባቴን ስለ ዝናብ ብቻ እንደጠየቁት ሰማሁ። ዝናቡ ደህና ነው።

ዕቃው ገባ። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረው በሁሉም ላይ «ገብረመስቀል፣ ገብረመስቀል» ይላል። እናቴ «ሱቁን ሸጥከው እንዴ?» ብላ አባቴን ጠየቀችው። አባቴ ከካርቶኖቹ ፊት ወንበር አስቀምጦ ደብዳቤዎን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ስህተቱን ያውቃል። የኣደይ ኣስካልን ሁኔታም ያውቃል። ግን አደራ ብለውታል፤ ደግሞም ያቺ «ለአባትሽ መንገር አያስፈልግም» የምትለው ነገር ገና አልለቀቀችውም። ካልታዘዝኩ ሌላ ሰው ይፈልጋል ብሎ ይፈራል። ይህን እሱ አላለም፤ እኔ ነኝ የምለው።

ኣደይ ኣስካል መጡ። ዕቃ ሊለምኑ አልነበረም፤ መደብሩን ሊያስረክቡ ስለሆነ ሊሰናበቱን ነው። ካርቶኖቹን ቀና ብለው አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

እኔም ደብዳቤውን ከጉልበቱ ላይ አንስቼ ድጋሚ አነበብኩለት። «ሲረከብ መታወቂያውን አይታችሁ።» ቆም አልኩ። «በመታወቂያው ላይ ገብረመስቀል የሚል ከሌለ።» እንደገና ቆም አልኩ።

«ሰምቼዋለሁ፣ ምን ደጋገምሽው?» አለ አባቴ።

«ምንም። ኣደይ ኣስካል፣ የቀበሌ መታወቂያ ይዘዋል?»

ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡት። አባቴ መነጽሩን አደረገ። «ኣስካል… ገብረመስቀል… ወልዱ» ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጋሽ አብዱልጀሊልን ጠራቸው፤ እሳቸውም በመርፌ ዓይን እንደሚያዩት አድርገው አዩት።

«ገብረመስቀል ይላል?» አለ አባቴ።

«ይላል።»

«ካርቶኑስ?»

«እሱም ይላል።»

«እንግዲህ ኢክሪማ ያለው ይሄንን ነው። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም» አለና ከወንበሩ ተነሣ። በድሩ ሳይታዘዝ ካርቶን ማውረድ ጀመረ። አባቴ ፊቱን አዙሮ ሲስቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ወዲያው በድሩን ለሌሎቹ ላክነው። ኣንዶም ቀጭኑ መታወቂያውን ይዞ መጣ፤ ተወልደብርሃን ከነጋሪው መጣ፤ ሳሊና መታወቂያዋ ስለጠፋባት የጥምቀት ካርዷን ይዛ መጣች፤ አባቴ ተቀበላት። ለሁሉም እንደየአቅማቸው ደረሳቸው። ከሐጎስ ልጆችም ሁለቱ መጥተው ነበር፤ አባቴ «እናንተ አልተጻፋችሁም፣ ግን ሳፋ ውሰዱ» አላቸው። ወሬውን የሰሙት ኣቦይ ገብረመስቀልም ካፖርታቸውን ለብሰው ደረሱ። «ዋናው እኔ ሆኜ ከሰልፍ መጨረሻ ነው የምቆመው?» ቢሉ አባቴ አንድ ሰማያዊ ፔርሙስ በነጻ ሰጣቸው። ሻይ አይጠጡም፤ ግን በጣም ወደዱት።

ሁሉም ፈርመዋል። እርስዎ እንዳዘዙት አስፈርመናል። ሪፖርቱን ሁለት አድርጌ ልኬልዎታለሁ። አንዱ በአባት ስም ነው፤ ገብረመስቀል ሁሉንም ዕቃ ወስዷል ይላል፤ ለአለቃዎ ያሳዩት። ሁለተኛው በራሳቸው ስም ነው፤ እሱን ለሚቀጥለው ጭነት እርስዎ ብቻዎን ሲሆኑ ይክፈቱት። ለአባቴ መንገር አያስፈልግም።

ኣደይ ኣስካልን ባጃጁ ድረስ ሸኘኋቸው። ካርቶኑ ሞልቶ እሳቸው መቀመጫ አጥተው ከሾፌሩ አጠገብ ተጣበቁ። መደብሩን አያስረክቡም፤ ማታውኑ ሊደረድሩት ነው። ሊነሡ ሲሉ በእጃቸው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም ነካ ነካ አደረጉት።

«ኣቦይ፣ ወላጅ አባቴ፣ በሕይወት ሳለ አንዲት ሳፋ ገዝቶልኝ አያውቅም ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ባጃጅ ሙሉ ጫነልኝ።»

ኑሃ ሐቢብ